ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን ወይስ ጁገል? እግሩ ለደከመ ሰው ሰፈር ስትመርጡ

ቤት ስንፈልግ ደላላው ስለ ክፍሉ ብዛት፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቆጣሪው ይነግረናል። ስለ ደጁ የሚያወራ የለም። ነገር ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻውን ከደጅ መውጣት ካልቻለ፣ የቤቱ ማማር ለእሱ ምን ያደርግለታል?

ነገሩ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። የአያት ጉልበት ሲደክም መጀመሪያ ከጸሎት ይቀራሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን መስጊድ። ቀጥሎ ከእድሩ ወይም ከአፎቻው (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ይቀራሉ። ከዚያ የጎረቤት ሠርግ ይመጣና «እሳቸው እንኳ አይችሉም» ይባላል፤ ጥሪው ራሱ ይቀራል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ያለችው አጭር መንገድ ናት ከሰው የለየቻቸው።

ይህ መመሪያ በድሬዳዋ ወይም በሐረር ቤት ለመከራየት ወይም ለመግዛት ለተነሳ፣ በቤቱም አረጋዊ፣ የዊልቼር ተጠቃሚ፣ ዓይነ ስውር ወይም ሕፃን ላለው ሰው ነው። አምስት ሰፈሮችን አወዳድራለሁ። ከድሬ ከዚራን፣ መጋላንና ሳቢያንን፤ ከሐረር በግንብ የተከበበውን ጁገልንና ከግንቡ ውጭ ያለውን ከተማ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሰፈር መመረጥ ያለበት ከቤተሰቡ በጣም በሚቸገረው ሰው እግር ነው። ጎበዙ የትም ይኖራል።

ከማየታችሁ በፊት የምትይዟቸው ቁጥሮች

ዊልቼር ሳይነካካ እንዲያልፍ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ለመዞር ደግሞ 1.5 ሜትር ያህል። ተዳፋት ሲሠራ የተለመደው ልክ 1 ለ12 ነው። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ተዳፋቱ 1.8 ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ከዚያ ካጠረ ዊልቼሩን የሚገፋው ሰው ይቸገራል፤ ብቻውን የሚነዳው ደግሞ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

መሻገርንም አስሉ። ጤነኛ ጎልማሳ በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል። ምርኩዝ የያዙ አዛውንት 0.8 ሜትር ወይም ከዚያ በታች። 12 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት ለእናንተ 10 ሰከንድ ነው፤ ለእሳቸው 15። በእነዚያ 5 ሰከንዶች አንድ ባጃጅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገብ ይደርሳል።

ሦስተኛው በሜትር አይለካም። ያ ሰው ብቻውን ሊደርስባቸው የሚፈልጋቸውን በሮች በስም ጻፏቸው። ዳቦ ቤቱ፣ የጸሎት ቦታው፣ ፋርማሲው፣ ቡና የሚጠጣበት ወዳጅ ቤት። ራሱን ጠይቁት። እኛ «ጤና ጣቢያ ቅርብ ይሁን» እንላለን፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ማታ ማታ ሰው የሚቀመጥበትን ጥግ ነው።

ከዚራ

ከዚራ የመጣችው ከባቡሩ ጋር ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ ሲል ከታች በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ። ፈረንሳዮቹ ለባቡር ኩባንያው ሰዎች ሰፈር ሲቀይሱ መንገዱን ቀጥ አድርገው፣ ሰፋ አድርገው፣ ዛፍ ተከሉበት። ያኔ ይህ ምቾት ለሁሉም የታሰበ አልነበረም። የከተማው ነዋሪ አብዛኛው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነበር። ዛሬ ግን በድሬ ለዊልቼር የሚመች መሬት የት አለ ብትሉኝ ያለማመንታት ከዚራ እላለሁ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሜዳ ነው። ሁለተኛ፣ ጥላ አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ጥላ የሌለው መንገድ ለአዛውንት የተዘጋ መንገድ ነው። ቀትር ላይማ ከተማው ራሱ አረፍ ይላል። ጠዋትና ማታ ግን በዛፎቹ ሥር ወክ የሚያደርገውን ሰው ያየ፣ ሰፈሩ ለእግር እንደተሠራ ይገባዋል።

እንግዲህ ችግሮቹ። የእግረኛው መንገድ አለ፤ ባዶ ግን አይደለም። የካፌ ወንበር፣ የቆመ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል ይቀድማችኋል። የዛፉ ሥር ንጣፉን ወደ ላይ ያነሳባቸው ቦታዎች አሉ። ማዕዘን ላይ ስትደርሱ መንገዱ በቀስታ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል ወይስ ድንገት ይቋረጣል? ይህን በየማዕዘኑ እዩ። አንድ ያልተስተካከለ ጠርዝ ሙሉውን መንገድ ያበላሻል፤ ዊልቼሩ ወደ አስፋልት ይወርድና ከባጃጅ ጋር ይጋፋል።

ሌላም ነገር አለ። ከዚራ ውስጥ ብዙው ቤት ግቢና አጥር አለው። በመንገዱ ብዙ ሰው ያልፋል፤ የሚያውቃችሁ ሰው ግን ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። አዲስ ገብታችሁ አያት ደጅ ቢቀመጡ ሰላም የሚላቸው ሱቅ ጠባቂው ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአንዳንድ ሰው ይህ ይበቃል። ዕድሜውን ሁሉ በጎረቤት መሀል ለኖረ ሰው ግን አይበቃም።

መጋላ

ደቻቱን ስትሻገሩ ሁሉም ነገር ይቀየራል። መጋላ የነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው ሰፈር ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ዐረቡ በአንድ መንገድ ላይ ሱቅ ከፍቶ ኖሯል። በሩ ቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል። አመሻሽ ላይ ሰው ደጁ ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል። ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከመስጊድ ወደ ዳቦ ቤት ርቀቱ አጭር ነው። ከፊራ ገበያም እዚያው ነው፤ ከገጠር የመጡ ሴቶች ጎመኑን፣ ማንጎውን፣ ማገዶውን ይዘው የሚቀመጡበት።

የእግረኛ መንገድ ፈልጉ ብላችሁ ግን አትድከሙ። በብዙው ጎዳና የለም። እግረኛውም ባጃጁም ጋሪውም አህያውም በአንድ ላይ ይሄዳሉ። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ ያጋጥማል። ለዊልቼር አድካሚ ነው፤ በገበያ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ታዲያ መጋላን ለማን እመክራለሁ? ገንዘብ ለሌለውና ቀስ ብሎ ግን ለሚራመድ ሰው። ለባጃጅ የሚከፍለው የሌለው አዛውንት እዚህ ከማንም ሳይለምን ይኖራል፤ የሚፈልገው ሁሉ በእግሩ ልክ ነው። የረሳውን ዕቃ ልጅ ሮጦ ያመጣለታል። ሁለት ቀን ካልታየ የሚጠይቅ አለ። ለዓይነ ስውርም ቢሆን መጋላ የሚመስለውን ያህል ክፉ አይደለም። የቤቱ ግድግዳ መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል፤ በትር ይዞ ለሚራመድ ሰው ግድግዳ መሪ ነው። የወፍጮው ድምፅ፣ የቡናው ሽታ፣ የሱቁ ራዲዮ ቦታውን ይነግሩታል። ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ክፍቱን ቦይ ግን አትርሱ። ከቤቱ እስከ ዋናው መንገድ አንድም ክፍት ጉድጓድ ካለ ሳይከደን አትግቡ።

መንገድ ላይ ስለሚነግዱት ሴቶች አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጊዜ «መንገዱ ይጽዳ» ሲባል የሚነሱት እነሱ ናቸው። እኔ አልስማማም። ለአንዲት አሮጊት ሽንኩርትና ቲማቲም ደጇ ድረስ መምጣቱ ራሱ መንገድ ማሳጠር ነው። ሻጯም እንደማንኛችን የከተማው ሰው ናት። 1.5 ሜትር ማለፊያ ከተተወ ጉሊቱም ዊልቼሩም አብረው ይኖራሉ። ይህን ማስመር የቀበሌና የነጋዴው ስምምነት ነው።

ደቻቱን አትናቁት

ከዚራና መጋላን ያመላለሰ ሁሉ ደረቁን አሸዋ አቋርጦ ያውቃል። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም፤ አቋራጭ ነው፤ ሰው ይነግድበታል። ነገር ግን ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ሆኖም ሮጦ ማምለጥ ለማይችል ሰው ሕጉ አንድ ነው። የዘወትር መንገዱ በድልድይ ማለፍ አለበት። ቤቱ «ለከዚራ ቅርብ ነው» ሲሏችሁ በድልድዩ ነው ወይስ በአሸዋው ብላችሁ ጠይቁ። በአሸዋው ከሆነ ቅርብ አይደለም። ከወንዙ ዳር ያለ ቤት ደግሞ ኪራዩ ምንም ቢረክስ እግሩ ለደከመ ሰው አይሆንም።

ሳቢያን

አዲስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ መኪና ላለው ይመቻል። ለእግረኛ ግን ርቀቱ ይጎዳል። ግቢው ትልቅ፣ አጥሩ ረጅም፣ አስፋልቱ ሰፊ፤ ከቤት እስከ ዳቦ ቤት ድረስ ጥላ የሌለበት ጉዞ ሊሆን ይችላል። ሁሉ ነገር ባጃጅ ይጠይቃል። ባጃጅ ደግሞ በየቀኑ ሲሆን ከኪራዩ ላይ እንደተጨመረ ቁጠሩት። ስሌቱን ስትሠሩ ከከዚራ ያለው የኪራይ ልዩነት ብዙ ላይሆን ይችላል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጥያቄው አንድ ነው። ስንተኛ ፎቅ? ሊፍት የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ጉልበቷ የታመመ ሴት ጎረቤት በጎረቤት ሆና ሳለ ለብቻዋ ናት። ምድር ላይ ያለ ቤት ከተገኘ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግቢው ሜዳ ነው፣ ሕፃናት ይጫወታሉ፣ ሴቶች ተሰብስበው ቡና ያፈላሉ። ከሁሉም አማራጮች ምድር ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት ለወጣት እናትና ለሕፃን ከምመርጣቸው ቀዳሚው ነው። ለልጅ ሲባል መኪናው በግቢው ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ እዩ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ የተገጨ እግረኛ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ 50 ሲደርስ የመሞት አደጋው በጣም ይጨምራል።

ጁገል

አሁን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተን ሐረር ደርሰናል። ከፍታው 1,880 ሜትር ያህል ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ የድሬ ሙቀት ለሚያፍነው ሰው ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ጁገል 48 ሄክታር ገደማ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ ይከበዋል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ መኪና የሚገባበት ሐረር በር ስድስተኛው ሆኖ በኋላ የተከፈተ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች ቅዱስ ስፍራዎች እንዳሉት ቆጥሯል። ይህን ቁጥር ለጎብኚ ነው የምንነግረው። ለሚኖርበት አዛውንት ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። የትም ተከራዩ የት፣ መስጊድ በጥቂት ደቂቃ እርምጃ ውስጥ ነው።

አብዛኛው መተላለፊያ መኪና አያስገባም። ሕፃን ደጅ ወጥቶ ሲጫወት እናት አትሳቀቅም። ከጫፍ ጫፍ በእግር ይደረሳል። ከሁሉ በላይ ግን ሰው ሰውን ያውቃል። አፎቻው በደስታም በሐዘንም ይጠራል። የመርሳት ችግር የጀመራቸው አያት ካሏችሁ ይህን በጥሞና አስቡት። ከቤት ወጥተው ቢጠፉ መኪና የለም፤ ሁለት ጥግ ሳይዞሩ «የእገሌ አያት ናቸው» ብሎ እጃቸውን ይዞ የሚመልሳቸው አለ። ከአምስቱ ሰፈሮች ይህን የሚያህል ጥበቃ ያለው ሌላ አላውቅም። ማታ ግን በሩን ዝጉ። ጅቦች በግንቡ ቀዳዳ ገብተው መንደሩን ይዞራሉ፤ ከሰው ጋር ተላምደው ኖረዋል፤ ቢሆንም መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ በሌሊት እዚያ መገኘት የለበትም።

ለዊልቼር ግን ጁገል ይከብዳል፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። መሬቱ ተዳፋት ነው። ንጣፉ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያዳልጣል። አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ቤቱ ውስጥም ደረጃ አለ። የጥንቱ የአደሬ ቤት ዋና ክፍል ነደባዎች አሉት፤ ቁመታቸው የተለያየ መቀመጫ መደቦች ናቸው። ውበቱ እዚያ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ለታመመ ሰው ግን እያንዳንዱ መደብ መውጣትና መውረድ ነው። ምጥ የመጣባት ሴት ወይም ልቡ የታመመ ሰው ቢኖር አምቡላንስ ደጅ አይደርስም፤ በሸክም ወደ ሰፊው መንገድ መውጣት ግድ ነው። ውሃ ሲጠፋም ቦቴ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ አይገባም። ጀሪካኑን ማን እንደሚሸከም ከወዲሁ ተነጋገሩ።

መፍትሔ ቢሉ አንድ አለ። ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ የሚወስደው ዋና መንገድ አጠገብ ያለ ቤት ፈልጉ። መኪና ይደርሳል፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ልብስ ሰፊዎቹ ወደሚሰለፉበት «መኪና ግርግር» ወደሚባለው መተላለፊያ፣ ከዚያም ወደ ግድር መጋላ ገበያ ቅርብ ነው። ጩኸቱ ይበዛል። ኪራዩም ይጨምራል። ቢሆንም ከሰው ሳይለዩ ከመኪናም ሳይርቁ የሚኖሩበት የጁገል ክፍል እሱ ነው።

ከግንቡ ውጭ

ከሐረር በር ወዲህ ያለው ሰፊ ጎዳና በመሬቱም በአሠራሩም ለእግረኛ ከጁገል ይቀላል። ሸዋ በር ገበያው ይበዛዋል፤ ሚኒባስና ተሸካሚ ይጋፋል። «አራተኛ» የሚባለውና ሌሎቹ ሰፈሮች ቤት በቤት ይለያያሉ፤ አንዱ ሜዳ ላይ፣ ሌላው ዳገት ላይ ነው። እዚህ ሰፈሩን ሳይሆን ያንን አንድ ቤት መርጣችሁ ግቡ።

እኔ ብሆን

ዊልቼር ለሚጠቀም ሰው፦ ከዚራ፣ ምድር ላይ ያለ ቤት። ካልተገኘ በሳቢያን ምድር ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም፤ የባጃጁ ወጪ ከተቻለ።

ቀስ ብለው ለሚራመዱና ብቸኝነት ለሚጎዳቸው አዛውንት፦ መጋላ፣ ከወንዙ ራቅ ያለ። ሙቀቱ ካልተስማማቸው ጁገል፣ ዋናው መንገድ አጠገብ።

ለመርሳት ችግር፦ ጁገል፣ ዘመድ ወይም አፎቻ ካላችሁ። ማንም የማያውቃችሁ ከሆነ ጥቅሙ ግማሽ ይሆናል።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ለምትመለስ ወጣት ሴት መልሱ ሰፈር አይለይም። መብራት ያለበትና ሱቅ እስከ ምሽት የሚከፈትበት መንገድ ነው። ከባጃጅ ማቆሚያው እስከ በሩ ያለውን ርቀት በጨለማ ሄዳችሁ እዩ።

ለማየት ስትሄዱ

ቤቱን የሚኖርበት ሰው ራሱ ይየው። በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው አይየው። ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ ጠዋት ገበያ ሲሞቅ፣ አንዴ ማታ 1 ሰዓት ካለፈ። በከባድ ዝናብ ማግስት መሄድ ከቻላችሁ ውሃው የት እንደሚተኛ ታያላችሁ። ደጁ ላይ የተቀመጠውን ሰው «እዚህ ስንት ዓመት ኖርክ?» በሉት። መልሱ ረጅም ከሆነ ጎረቤት አለ ማለት ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአገሪቱ የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። ስለዚህ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ወይም ቀበሌ ደረጃ ብቻ ካለው፣ ተዳፋት ይሠራልን ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ መብት ነው። ጥያቄው በእድሩ ስም ቢቀርብ በአንድ ሰው ስም ከሚቀርበው ይልቅ ይሰማል።

የግል ቤት ግን በስምምነት ነው። ደፉ ላይ ትንሽ የሲሚንቶ ተዳፋት መሥራት፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መያዣ ብረት መትከል፣ ደጅ ያለውን ቦይ በሲሚንቶ ክዳን መሸፈን፤ ሦስቱም የአንድ ግንበኛ አጭር ሥራ ናቸው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩ ፈቅዶ ውሉ ላይ ይጻፍ። ወጪውን ማን እንደሚችል፣ ከኪራዩ ይቀነስ እንደሆነ፣ ስትለቁ ማፍረስ እንደማትገደዱም አብሮ ይጻፍ።